ዜና አባ መቀስ፦ ጨረቃን በመስኮት ያስገቡበት ዘመቻ

ሊፍቱ በቆመ በሁለተኛው ዓመት፣ ጄኔሬተሩ በምድር ቤት በነገሠ በሰባተኛው ወር፣ ውሃ ወደ አራተኛ ፎቅ ሰኞና ዓርብ ብቻ ትወጣ በነበረችበት፣ የሕንፃው ሰዎችም ዘመነ ደረጃ ብለው በሚጠሩት በዚያ የላብና የትንፋሽ ዘመን፣ ሥዩመ መርፌ፣ መስፍነ ክር ወአዝራር፣ የሰውን ትከሻ በዐይን ብቻ ለክተው የማይሳሳቱት የአራተኛ ፎቁ ልብስ ሰፊ አባ መቀስ በሰማይ ላይ ዘምተው ድል ያደረጉበት ዜና ይህ ነው። ከእርሳቸው በፊት ብዙ ልብስ ሰፊዎች ተነሥተዋል፤ ሱሪ ያሳጠሩ፣ ኮት ያጠበቡ፣ ዚፕ የቀየሩ ነበሩ፤ ጨረቃን በመስኮት አስገብቶ እናቱ አልጋ ድረስ ያደረሰ ግን ከመካከላቸው አልተሰማም።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነበር። የአባ መቀስ እናት፣ እመ መስኮት፣ ንግሥተ በረንዳ፣ የጎዳናው ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ በአራተኛ ፎቅ መስኮት ተቀምጠው መንገዱን ለብዙ ዘመን በፍርድ አስተዳደሩ። ዐዋጃቸውም ያለ ድምፅ ማጉያ እስከ ማዶው ዳቦ ቤት ይሰማ ነበር። ለሾፌሩ፦ «አንተ ባለ ቀዩ መኪና! መንገዱን ከነአስፋልቱ ገዛኸው እንዴ? ጠጋ በል!» ተብሎ ይታወጃል፤ ለሁለተኛ ፎቋ፦ «አንቺ፣ አንሶላሽ ወድቋል! ሲሰጣም ነጭ አልነበረም!» ተብሎ ይታወጃል፤ ለገዛ ልጃቸው ለአባ መቀስም በየማለዳው፦ «ያን ጸጉር ማበጠሪያ አያውቀውም? የሰው ልብስ ስታቀና ትውላለህ፣ የራስህ ኮሌታ ግን እንደ አህያ ጆሮ ተንጋዷል!» ተብሎ ይታወጃል። ማንም አይቀየምም ነበር፤ የእመ መስኮት ስድብ ካልተሰማ ቀኑ እንዳልጀመረ ሁሉም ያውቁ ነበርና። ሰላምታ ብቻ የደረሰው ሰው እንኳ፣ ምን አጥፍቼ ነው የተውኝ እያለ ሲጨነቅ ይውላል።

ወእምዝ ሊፍቱ ቆመ። እመ መስኮትም ቲማቲም ይዘው ደረጃ ሲወጡ፣ በሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ፣ አምፖሉ ተቃጥሎ ማንም ሳይቀይረው በቀረበት በዚያ ጨለማ ስፍራ ወደቁ፤ ቲማቲሙ እስከ ምድር ቤት ተንከባለለ፤ ዳሌያቸውም ተሰነጠቀ። ሐኪሙም ዐወጀ፦ «አጥንቱ እስኪገጥም በጀርባቸው ይተኙ። ትራስ ሁለት፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። መቀመጥ የለም፣ መገላበጥ የለም፣ መስኮት ጋ መሄድ ደግሞ አይታሰብም!» አልጋቸውም ራስጌው ወደ ግድግዳ፣ ግርጌው ወደ መስኮቱ ሆኖ ተዘረጋ። ከዚያ ተኝተው ሲያዩ መንገዱ የለም፣ ዳቦ ቤቱ የለም፣ የሁለተኛ ፎቋ አንሶላ የለም፤ በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ ብቻ ሆነ። ሰማይ ላይ ደግሞ የሚሰደብ ሰው የለም።

መጀመሪያ ጣሪያውን ሰደቡ፦ «ይህን የቀባው ሰውዬ ብሩሽ ነው የያዘው ወይስ መጥረጊያ? ግማሹን ቀብቶ ግማሹን ትቶታል!» ጣሪያውም መልስ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ስድቡ እየሳሳ ሄደ፤ በኋላም ጨርሶ ጠፋ። ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጎረቤት መጥቶ ሲጠይቃቸው «ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ትራሱ ይመቻል ወይ ሲባሉ «ይመቻል» ይላሉ። በዚያን ጊዜ የአባ መቀስ ታላቅ እህት፣ በከተማ አውቶቡስ ውስጥ ትኬት የሚቆርጡት፣ በአንድ ቃል መቶ ሰው ወደ ኋላ የሚያስጠጉት፣ ሊቀ ትኬት የተባሉት እመቤት፣ ነገሩን ሊፈትኑ ፈለጉና ሾርባ ሠርተው ጨው ሳይነካው አቀረቡ። ቀድሞ ቢሆን ኖሮ «የታመመው ሾርባው ነው ወይስ እኔ?» የሚለው ዐዋጅ ሳህኑ ሳይወርድ ይነገር ነበር። እመ መስኮት ግን እስከ መጨረሻው ማንኪያ ጠጥተው «ጥሩ ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

ሊቀ ትኬትም ሳህኑን ይዘው ኮሪደር ላይ ወጡ፤ ፊታቸውንም በሽርጣቸው ሸፍነው ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያም ወደ ስፌት ክፍሉ ገብተው ዐወጁ፦ «አንተ! እማዬ ሾርባውን አመሰገነች! አመሰገነች እኮ ነው የምልህ! እንዲህ ሆና ከሰነበተች አጥንቷ ቢገጥምስ ምን ዋጋ አለው? መርፌህን ጣልና አንድ ነገር አድርግ!»

አባ መቀስ በልካቸው የተሰፋ ኮት እንጂ በልካቸው የተሰፋ ቃል ያልነበራቸው ዐይን አፋር ሰው ስለነበሩ፣ መርፌውን ኮሌታቸው ላይ ሰክተው ብቻቸውን አሰቡ። እናታቸው ከመስኮቱ የሚያዩት ሰማይን ብቻ ከሆነ፣ ሰማይ ደግሞ እንዳይሰደብ የሚያደርገው ርቀቱ ከሆነ፣ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሰማዩን ወደ ስድብ ርቀት ማቅረብ።

በማግስቱም፣ ሰኞ ዕለት፣ ዚፕ ሊገዙ ወደ አሮጌ ዕቃ ተራ ሲወርዱ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበርና ክዳን የሌለው ማሰሮ መካከል አንድ ነጭ ረጅም ቱቦ በሦስት እግሩ ቆሞ ሰማይን ሲያይ አገኙት። እርሱም ለጀማሪ የሚሸጥ ቴሌስኮፕ ነበር፤ ቀለሙ የተፋፋቀ፣ እግሩ የሚንቀጠቀጥ፣ ከእርሱም ጋር በዐይን በኩል የሚሰኩ ትንንሽ ሌንሶች በካልሲ ተጠቅልለው ነበሩ። የአሮጌ ዕቃው ነጋድራስም ዐወጁ፦ «ጌታዬ፣ ይቺ ጨረቃን በጆሮዋ ጎትታ ነው የምታመጣልህ! የጎደላት ክርኗ ብቻ ነው። ክርን ደግሞ ምን ያደርጋል? እኔስ ክርኔን እያመመኝ እየሠራሁ አይደል?» ክርን ያሏትም ከቱቦው ኋላ የምትሰካ፣ በውስጧ መስታወት ያላት ጠማማ ቁራጭ ነበረች፤ እርሷ ስትኖር ሰው ቆሞ አጎንብሶ ያያል፣ እርሷ ስትጠፋ ግን ዐይኑን ከቱቦው ጭራ ሥር ማስገባት ግድ ይሆንበታል። ይህ ምን ያህል መከራ እንደሚያመጣ ያን ጊዜ ማንም አላወቀም።

ውልም ተዋዋሉ። አባ መቀስ የነጋድራሱን አሮጌ ኮት አዲስ ገበር ያለብሱታል፤ ነጋድራሱ ቅዳሜ ማታ ኮታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ፣ ቴሌስኮፑ ካልተወደደ ይዘውት ይመለሳሉ፤ ከተወደደም በኮቱ ሥራ ዋጋ ይቀራል።

ከዚህም በኋላ ወደ ሕንፃው የተደረገው ጉዞ እንዲህ ነበር። ከፊት አባ መቀስ ቱቦውን እንደ ሕፃን በአንሶላ ጠቅልለው በትከሻቸው፤ ከኋላቸው የማዶ በሩ ጎረቤት፣ ራዲዮ ጠጋኙ፣ በማያውቁት ነገር ሁሉ ምክር የማይነፍጉት አባ ሽቦ፣ ባለ ሦስት እግሩን በብብታቸው፤ በአባ ሽቦ ኪስ ውስጥ ሌንሶቹ ከነካልሲያቸው፤ በካልሲውም ውስጥ የቀድሞው ባለቤት አንድ ማስቲካ። በሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ፣ እመ መስኮት በወደቁበት ስፍራ፣ ሠራዊቱ ትንፋሽ ሊስብ ቆመ፤ አባ መቀስም በጨለማው ውስጥ ቱቦውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። በአራተኛው ፎቅ በር ላይ ሊቀ ትኬት ወገባቸውን ይዘው ጠበቋቸው፤ እንዲህም ተብሎ ታወጀ፦ «ምንድን ነው ይሄ ደግሞ? የጭስ ማውጫ ነው? ይሁን እሺ፣ ግባ። ግን እስከ ቅዳሜ ነው! እስከ ቅዳሜ እማዬን ካላናገረ ወራጅ አለ! ከነእግሩ ነው የማወርደው!»

የመጀመሪያው ጦርነት ማክሰኞ ዕለት፣ ፀሐይ እንደጠለቀች ተደረገ። አዲሷ ጨረቃ እንደ ጥፍር ቁራጭ ቀጥና ከዳቦ ቤቱ ጣሪያ በላይ ታየች፤ የእመ መስኮት መስኮትም ወደ ምዕራብ ስለሆነ ልክ በፊቱ ነበረች። አባ ሽቦም እጃቸውን አንሥተው ዐወጁ፦ «በማጉላት ነገር እኔን ስሙኝ! ከሁሉ የምታጎላውን ሌንስ ስኩ! እጥፍ የምታደርገውንም ቱቦ ጨምሩበት! እሳት ካነደድን አይቀር እስከ ጫፉ ነው!» ሁሉም የእርሳቸውን ቃል ተከተሉ። በሽተኛዋን ብርድ እንዳይመታ ብለው መስኮቱን ዘግተው በመስታወቱ በኩል አነጣጠሩ። ጄኔሬተሩም ከምድር ቤት ሲያገሳ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ሦስቱ እግር፣ ሦስቱ እግር ሲንቀጠቀጥ ቱቦው ተንቀጠቀጠ። በቱቦውም ውስጥ የታየው ነገር እየተናጠ ያለ ቀጭን አጥሚት ይመስል ነበር።

አባ ሽቦ ግን ዐይናቸውን አስጠግተው ጮኹ፦ «አየሁ! ጥቁር ጫካ ይታየኛል! ዛፎቹ ይወዛወዛሉ!» የተወዛወዘው የገዛ ዐይናቸው ሽፋሽፍት ነበር። ደግሞም እመ መስኮት ተነሥተው ማየት ስለማይችሉ፣ የእጅ መስታወት ከሌንሱ ኋላ ደቅነው ጨረቃን ጣሪያው ላይ እናወርዳታለን ብለው ደከሙ፤ ጣሪያው ላይ የወረደ ነገር አልነበረም፤ መስታወቱም ወድቆ ጠርዙ ተሸረፈ። እመ መስኮት ይህን ሁሉ በጎን ተመልክተው፦ «ጥሩ ነው ልጄ። ደክሟችኋል፣ ግቡና ተኙ» አሉ። በዜና መዋዕል ውስጥ ከተጻፉ ሽንፈቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ለስላሳ፣ እንዲህም ያለ መራራ የለም።

ረቡዕ ጠዋት አባ መቀስ ቱቦውን ተሸክመው ልብስ ወደሚሰጣበት ሰገነት ወጡ። ታላቁ ቱቦ ጀርባ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ማነጣጠሪያ ነበረች፤ እርሷ የምታየውንና ታላቁ የሚያየውን አንድ ለማድረግ ቀን በብርሃን፣ በማይሸሽ ነገር ላይ መለማመድ እንደሚሻል ከሥራቸው ያውቁ ነበር፤ ማንም ልብስ ሰፊ ሠርገኛ ቆሞ እየጠበቀ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት አይማርምና። የማዶውን ሕንፃ የውሃ ጋን አነጣጠሩ። ጋኑም ታየ፤ ግን ተገልብጦ፣ እግሩ ወደ ሰማይ ተሰቅሎ ነበር።

እዚህ ላይ አባ መቀስ በዓለም ላይ ልብስ ሰፊ ብቻ ሊሳሳተው የሚችለውን ስሕተት ተሳሳቱ። የደበዘዘ ኮት ሲመጣላቸው ፈትተው፣ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠው እንደ አዲስ የመስፋት ልማድ ስለነበራቸው፣ ተገልብጦ የታየውን ሁሉ ገልብጦ ማቃናት እንደሚቻል አመኑ። ስለዚህ ቱቦውን ከመቀመጫው ፈትተው፣ ሆዱን ወደ ላይ ጀርባውን ወደ ታች አድርገው፣ በሱሪ ቀበቶ አሰሩት። ጋኑ እንደተገለበጠ ቀረ። ከዚያም ጫፉን ወደ ጭራው፣ ጭራውን ወደ ጫፉ አዞሩት፤ በታላቁ ሌንስ በኩልም ሲያዩ ዓለም ሁሉ እየራቀች እየራቀች ሄደች። በዚያች ርቃ በሄደች ዓለም ጫፍ ላይ ሊቀ ትኬት የልብስ መዘፍዘፊያ ይዘው ሰገነት ላይ ሲወጡ ታዩ፤ የጉንዳን ያህል ሆነው ነበር፤ ድምፃቸው ግን አላነሰም፦ «ምን እያደረግህ ነው ቀበቶህን ፈትተህ? ሱሪህን ያዝ! ተገልብጦ ቢታይስ ምን ይጠበስ? ጨረቃ ላይ ላይኛውና ታችኛው የቱ ነው? እግር አላት? ኮፍያ አድርጋለች? ገልብጠህ ብታሳያት ማንነው የሚከስህ?»

ይህ ዐዋጅ ከዐዋጆች ሁሉ ጠቃሚ ሆነ። አባ መቀስም ቀበቶውን ወደ ወገባቸው፣ ቱቦውን ወደ መቀመጫው መልሰው፣ የተገለበጠውን ጋን እንደተገለበጠ ተቀብለው፣ የማነጣጠሪያዋን ብሎኖች በትዕግሥት እያዞሩ የጋኑ ክዳን በሁለቱም መካከል እስኪውል ድረስ አስተካከሉ።

ሐሙስ ዕለት ታላቅ መከራ መጣ፣ መከራውም በረከት ሆነ። ከሁሉ የምታጎላው፣ አባ ሽቦ የሚምሉባት ትንሿ ሌንስ በአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ወደቀች፤ በቆርቆሮውም ውስጥ የልጅ ልብስ አዝራር፣ የወታደር ካፖርት አዝራር፣ ከየትኛው ልብስ እንደወደቁ የማይታወቁ አዝራሮች ሁሉ ተከማችተው ነበር፤ ቢበረብሩ ቢበረብሩ አልተገኘችም። ማታም ሲሆን፣ አባ መቀስ ሌላ ስላልነበራቸው፣ ከሁሉ ያነሰ የምታጎላውን፣ ሁሉም የልጅ መጫወቻ ናት ብለው የናቋትን ሰፊዋን ሌንስ ሰክተው ሰገነት ላይ ወጡ። ጨረቃም መጣች። ትልቅ ሆና ሳይሆን ጥርት ብላ መጣች። ሰፊ ኮት ለብሶ ከመጨማደድ በልክ የተሰፋ መልበስ እንደሚሻል፣ ትልቅ ሆኖ ከደበዘዘ ነገር ትንሽ ሆኖ የጠራ እንደሚበልጥ ያን ጊዜ በዐይናቸው አዩ። ብርሃኑ ከጨለማው ጋር በሚዋሰንበት ጠርዝ ላይ ጉድጓዶች ተደርድረው ነበር፤ እያንዳንዱም ጉድጓድ ግማሹን ጥላ ሞልቶት፣ ግማሹ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራ ነበር። አባ መቀስም በዘመናቸው ያወጁትን ብቸኛ ዐዋጅ ዐወጁ፦ «አየሁ።»

ከዚህም በኋላ ሥርዐት ሠሩ፤ እስከ ዛሬም በዚያ ቤት ይሠራበታል። በሦስቱ እግሮች መካከል ኮት የሚተኩሱባት ከባድ የከሰል ካውያ በገመድ እንድትንጠለጠል አዘዙ፤ እርሷም በክብደቷ የጄኔሬተሩን መንቀጥቀጥ አስታገሠች። ቱቦው ከሙቅ ክፍል በድንገት ወጥቶ ምስሉ እንዳይንተከተክ፣ ከምሽቱ በፊት በተከፈተ መስኮት አጠገብ እንዲቀመጥ አዘዙ። ለእመ መስኮት ብርድ ልብስ ታጥፎ እንዲደረብ፣ መስኮቱም ወለል ተደርጎ እንዲከፈት አዘዙ። የመንገድ መብራት ወደ ቱቦው እንዳይገባ ከጥቁር ገበር ቆርጠው፣ አፉ ላይ እንደ እጅጌ ረዘም ያለ ሽፋን ሰፉለት፤ እጅጌውም ከገዛ ኮታቸው እጅጌ ይልቅ ያማረ ነበር። ቱቦውን በእጅ መንካት ምስሉን ስለሚያናውጠው፣ በቀኝና በግራ ክር አስረው እንደ ልጓም በሁለት ጣት ይስቡት ጀመር። አባ ሽቦ በሸሚዛቸው ጫፍ ሌንሱን ሊፈትጉ ሲሉም እጃቸው ተያዘ፤ አቧራውን እፍ ብሎ ብቻ ማስነሣት ሕግ ሆነ።

ነገር ግን ጠላት አንድ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም የጠፋችው ክርን ነበረች። ጨረቃ በየምሽቱ ከፍ እያለች ስለሄደች፣ ከቱቦው ጭራ ሥር ለማየት መጀመሪያ ማጎንበስ፣ ቀጥሎ መንበርከክ፣ በመጨረሻም ወለል ላይ መዘርጋት ግድ ሆነ። አባ ሽቦም ሐሙስ ማታ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ሲያዩ አንገታቸው እዚያው ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ሲጠራቸው ከነትከሻቸው ይዞሩ ጀመር። ዓርብ የውሃ ቀን ነበር፤ ውሃውም እንደ ልማዱ ልክ ሲመሽ መጣና ሠራዊቱ ሁሉ ወደ ጀሪካን ተበተነ፤ ጀሪካኑ ሲሞላ ሰማዩም በደመና ሞልቶ ነበር። አባ መቀስ በዚያች ምሽት ከተሸረፈው የእጅ መስታወትና ከክር ማጠንጠኛ ካርቶን ክርን ሊሠሩ ሞከሩ፤ የአምፖሉን ብርሃን ሁለት አድርጎ አሳያቸውና ጣሉት። ሊቀ ትኬትም የእመ መስኮትን ሳህን ይዘው አለፉ፤ ዛሬም ሾርባው እንደተመሰገነ ፊታቸው ይናገር ነበር። የቀረው ቅዳሜ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ማታ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ የጨረቃም ሆድ ሞላ ብሎ፣ ከመስኮቱ አናት በላይ ተሸሽጋ ቀስ በቀስ ወደ መስኮቱ ስትወርድ፣ ነጋድራሱ እያለከለኩ አራተኛ ፎቅ ደረሱ። ኮቱ ተተኩሶ ተሰቅሎ ነበር። ሊቀ ትኬትም ለወንድማቸው ዐወጁ፦ «መጥተዋል። እማዬ ዛሬም "ጥሩ ነው" ብላለች። እንግዲህ ፌርማታው ደርሷል።»

አባ መቀስ ከመሰናበታቸው በፊት አንድ ጊዜ ሊያዩ ፈለጉና፣ ቱቦውን በእናታቸው ክፍል መስኮት አጠገብ አስተካክለው፣ እግራቸውን ወደ መስኮቱ፣ ራሳቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተዘረጉ፤ ከራሳቸውም በታች የተጠቀለለ ገበር አደረጉ። ጨረቃ ከመስኮቱ አናት ሥር ብቅ አለች። ቱቦው ያለ አንዳች ጣጣ ወደ ዐይናቸው ወረደ፤ አንገት አልተጠመዘዘም፣ ጉልበት አልታጠፈም። ከዚያም ዐይናቸውን ከሌንሱ አንሥተው ወደ ጎን ቢያዩ፣ ከአልጋው ጠርዝ ላይ የእናታቸውን ክርን አዩ፤ ከክርኑም ኋላ እናታቸውን አዩ፤ እግራቸው ወደ መስኮቱ፣ ራሳቸው ወደ ግድግዳው፣ ከራሳቸውም በታች ሐኪም የፈቀደው ሁለት ትራስ። እናትና ልጅ አንድ ዓይነት ተኝተው ነበር።

ያን ጊዜ የሰውን ልክ በዐይን የሚያውቀው የአባ መቀስ አእምሮ ተከፈተ። ይህ ቴሌስኮፕ የቆመን ያንበረክካል፣ የተንበረከከን ይዘረጋል፣ የአባ ሽቦን አንገት ይሰብራል፤ ለተኛ ሰው ግን በልኩ የተሰፋ ነው። በከተማው ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ክርን የማያስፈልጋቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም ከአጠገባቸው አልጋ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

ተነሡ። የመቁረጫው ጠረጴዛ ከነጠመኔ ምልክቱ ተጎትቶ ከአልጋው ጎን ቆመ፤ ሦስቱ እግሮች አጥረው በላዩ ሰፈሩ፤ ካውያዋ በመካከላቸው ተንጠለጠለች፤ ቱቦው ከመስኮቱ ወርዶ በእመ መስኮት ደረት ላይ አልፎ ከዐይናቸው ፊት ቆመ። ነጋድራሱ በበሩ፣ አባ ሽቦ ከነትከሻቸው ዞረው በግርጌ፣ ሊቀ ትኬት በራስጌ ቆሙ። አባ መቀስ የክሩን ልጓም ያዙ። እመ መስኮትም ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ «ጥሩ ነው» አሉ፤ ሊቀ ትኬትም ዐወጁ፦ «ገና መች አየሽ እማዬ! ዙሪ ወደዚህ!»

ዞሩ። አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው በሌላው ወደ ሌንሱ ገቡ። ከዚያም ሳይወጡ ቆዩ፤ ነጋድራሱ ኮታቸውን ከመስቀያው ላይ ቀስ ብለው ማውረድ ጀመሩ፤ ሊቀ ትኬትም ከንፈራቸውን ነከሱ።

ከዚያም እንዲህ ተብሎ ታወጀ፦

«ይሄ ነው እንዴ ፊቷ?»

የነጋድራሱ እጅ መስቀያው ላይ ቀረ።

«ሰው ሁሉ ቆንጆ ሲያይ "እንደ ጨረቃ" እያለ የሚያሞግሰው ይሄን ነው? ጉድጓድ በጉድጓድ እኮ ናት! የኛ መንገድ ይሻላል! ደግሞ ግማሿን ቀብተው ግማሿን ትተዋታል፤ ያ ጣሪያዬን የቀባው ሰውዬ ነው እንዴ እሷንም የቀባት? ይሄ ደግሞ፣ ይሄ ትልቁ ጉድጓድ፣ ወለሉ ጨለማ! ሰው ቢወድቅበትስ? አንድ አምፖል አያደርጉበትም? የትም ቦታ ኃላፊ የሚባል የለም ማለት ነው!»

ሊቀ ትኬት ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን በሣቅ ይሁን በልቅሶ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዐዋጁም ቀጠለ፣ ማንም ሊያስቆመው አልፈለገምና፦ «አንተ ልጅ፣ ክሩን ላላ አድርገው፣ እየሸሸችብኝ ነው! ደግሞ ያን ኮሌታ አቃና፣ ወለል ላይ ስትንከባለል ዋልክ እንዴ? አንተስ ባለ ራዲዮ፣ አንገትህ ምን ሆነ? የተሰበረ አንቴና መስለሃል! በር ላይ የቆመው ደግሞ ማነው? ኮቱ አምሮበት ነበር፣ ፊቱን ቢተኩሱለት ኖሮ! አንተ ሰውዬ፣ የዚህችን ዕቃ ክርን የት ጣልካት? ከዚህ በኋላ ብታገኛትም እንዳታመጣት!»

አባ ሽቦም አንገታቸው እንደተጠመዘዘ፣ ትንሿን ሌንስ ከአዝራሩ ቆርቆሮ ብንፈልጋትና ትንሽ ብናጎላት ብለው አሳሰቡ፤ እመ መስኮትም «በቃኝ! ይሄንንም በቅጡ ሰድቤ አልጨረስኩ!» ብለው ሐሳቡን ሻሩት። ነጋድራሱም የተሰደቡበትን ኮት ለብሰው፣ ደስታው ከየት እንደመጣ ሳያውቁ እየሣቁ፣ ዕቃው ይመለሳል ወይስ ይቀራል ብለው ወደ ሊቀ ትኬት ዞሩ። ሊቀ ትኬትም እንባቸውን ጠርገው በአውቶቡስ ድምፃቸው ለመጨረሻ ጊዜ ዐወጁ፦ «ሞልቷል! ወራጅ የለም! ሳበው!»

እነሆ እንግዲህ፣ ለአባ መቀስ ክብር ይገባቸዋል! መስፍነ ክር ወአዝራር፣ ሰቃሌ ካውያ፣ የጨረቃን ልጓም በሁለት ጣት የያዙ፣ ያነሰውን ሌንስ አክብረው ብዙ ያዩ፣ የጎደለውን ዕቃ ለጎደላቸው ሰው በልክ ያደረጉ፣ እናታቸውን ከግድግዳ ወደ ሰማይ የመለሱ! ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ የሕንፃው ሰዎች ዘመነ ደረጃ ማለትን ትተው ዘመነ ጨረቃ ይላሉ፤ የሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያም አምፖል ገባለት፤ እመ መስኮት የጨረቃን ጨለማ ሲሰድቡ በተከፈተው መስኮት እስከ ታች ተሰምቶ፣ ያላፈረ አልነበረምና። የአባ መቀስ ስም በአራተኛ ፎቅ በር ላይ ሳይሆን በየማለዳው በሚሰማው ድምፅ ውስጥ ይኖራል።

በማግስቱም እሑድ ሊቀ ትኬት ሾርባ ሠሩ፤ ጨውም ጨመሩ፣ ቀምሰውም ደግመው ጨመሩ፤ ሳህኑንም ይዘው ገቡ። ወዲያውም ከውስጥ፣ ከሁለቱ ትራስ ላይ፣ እስከ ማዶው ዳቦ ቤት የሚሰማ ዐዋጅ ወጣ፦

«የታመመው ሾርባው ነው ወይስ እኔ? ጨው የት አለ?»